ሜዳ ላይ ፍሳሽ ማውረድ፦ የባሕር ዳር የፍሳሽ መስመርና ማጣሪያ ጉዳይ

ንጹህ ውሃ ይገፋል፤ ፍሳሽ ይወርዳል። የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ዳገት ቢገጥመው በግፊት ይወጣዋል፣ ከመንገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ቢልም ማንም አይጨነቅም። የፍሳሽ መስመር ግን ከግቢ ደጅ ተነስቶ ማጣሪያው እስኪደርስ ሳያቋርጥ ቁልቁል መሄድ አለበት። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት። ብስክሌት ነጂውና ባለባጃጁ የሚወዱት ሜዳነቷ ፍሳሽ ለሚያወርድ መሐንዲስ ዋና ባላጋራው ነው። ከተማዋ እየሰፋች፣ ፎቁ እየበዛ፣ ጉድጓድ ሽንት ቤቱና ሴፕቲክ ታንኩ እያቃተው ሲሄድ «ማጣሪያ ጣቢያ ይሠራልን» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን ገንዘቡም ጣጣውም የሚበዛው መሬት ውስጥ በሚቀበረው ቱቦ ላይ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

በሺህ ሜትር አራት ሜትር

ፍሳሽ አሸዋውንና ደረቁን ተሸክሞ እንዲሄድ በሰከንድ ቢያንስ ከ0.6 እስከ 0.7 ሜትር መፍጠን አለበት። ከዚያ ካነሰ ውሃው ያልፍና ደረቁ ይቀመጣል፤ የተቀመጠው ይጠጥራል፤ የጠጠረው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ይይዛል። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ያንን ፍጥነት የሚያገኘው በ1,000 ሜትር ጉዞ 4 ሜትር ሲወርድ ነው። ለ300 ሚሊ ሜትር ቱቦ 2.2 ሜትር ያህል ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትልቅ ቱቦ በትንሽ ቁልቁለት ይሠራል ከተባለ «እንግዲያው ሁሉንም እናስፋውና ቁፋሮው ይቅለለን» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ቱቦው ቢያንስ ግማሽ ድረስ ሲሞላ ነው። ሰፊ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ፍሳሽ ሲገባ ወለሉ ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፣ ይዘገያል፣ ደለሉን ይጥላል። 40 ቤት ብቻ ላለበት መንደር 300 ሚሊ ሜትር መቅበር ማለት በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

አሁን ጥልቀቱን እንቁጠር። መስመሩ ሲነሳ 1.2 ሜትር ተቀበረ እንበል፤ ከላይ መኪና ስለሚሄድበት ከዚያ ማሳነስ አይመከርም። በ200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሜዳ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 5.2 ሜትር ጥልቀት ላይ ይደርሳል፤ 2 ኪሎ ሜትር ቢቀጥል ከ9 ሜትር ያልፋል። ብዙውን ጊዜ ከ4 ወይም 5 ሜትር በታች መቆፈር ዋጋውም አደጋውም ስለሚበዛ እዚያ ሲደረስ ፍሳሹ ተሰብስቦ በፓምፕ ወደ ላይ ይነሳና ጉዞውን ከላይ ይጀምራል። ስለዚህ ሜዳ ከተማ ላይ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ወይም፣ ቱቦው ሲሰፋ፣ በየ1 ኪሎ ሜትር ተኩሉ አንድ ፓምፕ ጣቢያ መምጣቱ የማይቀር ነው። መሬቱ ራሱ በሚወርድበት አቅጣጫ መስመሩን መምራት የፓምፑን ቁጥር ይቀንሳል፤ ከንድፍ በፊት ለሚደረገው የከፍታ ልኬት ገንዘብ መሰሰት የማይገባውም ለዚህ ነው። ሰርቬየሩ 20 ሳንቲ ሜትር ቢስት 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ የ50 ሜትር ቁልቁለት ጠፋ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በሁለት ማንሆሎች፣ ማለትም ወደ መስመሩ በሚወረድባቸው ክዳን ባላቸው ጉድጓዶች፣ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከመሬቱ በታች ያለው

የከተማዋ አፈር በብዙ ቦታ ከላይ ጥቁር ዋልካ፣ ከሥሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቱቦ በቀጥታ እላዩ ላይ ከተቀመጠ ከወቅቱ ጋር ከፍ ዝቅ እያለ መገጣጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ ከቱቦው ሥር ያለው ዋልካ ተጠርጎ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይነጠፋል። ድንጋዩ ሲመጣ ደግሞ በባሬላና በዶማ የሚገፋ ነገር የለም፤ በኤክስካቫተር ላይ የሚገጠም ድንጋይ ሰባሪ ያስፈልጋል። የአንድ ሜትር ቁፋሮ ዋጋ በእጥፍ የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። ጨረታ ሲወጣ «አፈር» እና «ድንጋይ» ለየብቻ ዋጋ ካልተሰጣቸው ጭቅጭቁ አያልቅም።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ሐይቁ አጠገብ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ብቅ ይላል። የጣና ከፍታ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ፣ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረም አካባቢ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጫፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ውሃውን ስለሚይዝ፣ ከፍታው የዝናብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ውሳኔም አለበት። የሐይቅ ዳር ጥልቅ ቁፋሮ ከጥር እስከ ግንቦት መጠናቀቅ ያለበት ስለዚህ ነው። በነሐሴ የተከፈተ ጉድጓድ ቀን ሲቀዳ ይውላል፣ ሌሊት ሞልቶ ያድራል፣ ግድግዳው ይናዳል። ደረቅ በሚመስል ቦታም ቢሆን ከ1.5 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦይ በእንጨት ወይም በብረት ሳይደገፍ ሰው መግባት የለበትም፤ ዋልካ ሲናድ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ውሃው ቱቦው ከተቀበረም በኋላ አይተኛም። 3 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ የፓምፕ ጉድጓድ 35 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል። የከርሰ ምድር ውሃው እስከ አፉ ከደረሰ 35 ቶን በሚያህል ጉልበት ወደ ላይ ይገፋዋል። ባዶ ገንዳ ጀልባ ነው ማለት ነው። ወለሉ ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንዲሠራና የአፈሩ ክብደት እንዲጫነው የሚደረገው፣ ወለሉም በኮንክሪት የሚወፍረው ለዚህ ነው። የግል ግቢ ውስጥ ያለ ቀላል ሴፕቲክ ታንክ በነሐሴ አስመጥጦ ባዶውን መተውም ተመሳሳይ አደጋ አለው፤ ታንኩ ተነስቶ ቱቦውን ሰብሮ ይገኛል።

መብራት ሲጠፋ

ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ያለው ነገር ብዙ አይደለም። ፍሳሹ ሲገባ ጨርቅና ፌስታል የሚይዝ የብረት ወንፊት፣ የመሰብሰቢያ ጉድጓድ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው የሚጠብቅ ሁለት ፓምፕ፣ የተገፋው እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ፣ ለጥገና የሚዘጋ ቫልቭ፣ ከፍታ የሚለካ ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ ጀነሬተር። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው።

በሰከንድ 50 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ እንውሰድ። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ሲነሳ ይቃጠላል፤ በሰዓት ከ6 ጊዜ በላይ እንዳይነሳ ከተፈለገ በማስነሻውና በማቆሚያው ከፍታ መካከል 7.5 ሜትር ኩብ ቦታ ያስፈልጋል። ስሌቱ 600 ሰከንድ ሲባዛ በ50 ሊትር፣ ለ4 ሲካፈል ነው። ይህ 375 ጀሪካን፣ ባለ 20 ሊትሩ፣ መሆኑ ነው። ብዙ ይመስላል። በሰከንድ 25 ሊትር እየገባ መብራት ቢጠፋ ግን ያ ቦታ በ5 ደቂቃ ይሞላል። ከዚያ በላይ ያለው የጉድጓዱ ክፍል ጥቂት ደቂቃ ይጨምር ይሆናል፤ ቀጥሎ ፍሳሹ ወደ መጣበት ቱቦ ይመለሳል፣ ከዚያም ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለው ማንሆል ወይም በአንድ ቤት የሻወር ወለል በኩል ይወጣል። ስለዚህ ጀነሬተሩ በእጅ ሳይሆን በራሱ የሚነሳ፣ ነዳጁ የተቆለፈ፣ በየሳምንቱ ጭነት ተደርጎበት የሚሞከር መሆን አለበት። ሳይነሳ ስድስት ወር የቆመ ጀነሬተር ለጌጥ የተቀመጠ ነው።

ሐይቅ ዳር ያለ ጣቢያ ሞልቶ ሲፈስ የሚሄደው ወደ ጣና ስለሆነ፣ የዚያ ጣቢያ ድንገተኛ መያዣ ገንዳ ቢያንስ የጥቂት ሰዓት ፍሳሽ የሚይዝ ሆኖ ካልተሠራ ሥራው ጎደሎ ነው። በንድፍ ክለሳ ጊዜ «ለወጪ ቅነሳ» ተብሎ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው፤ መሰረዝ የሌለበት ግን እሱ ነበር።

ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ መሆናችንም ይቆጠራል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች 80 በመቶ ያህል ነው። ናፍጣ ጀነሬተር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል እዚህ አይሰጥም፤ ማጣሪያው ውስጥ አየር የሚነፋ ማሽንም ያንኑ ኦክስጅን ለማስገባት የበለጠ አየር መንፋት አለበት። የውጭ ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ መግዛት ከመጀመሪያው ቀን የሚያንስ ዕቃ መግዛት ነው።

አሥራ አምስት ጣሪያ

በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ ዙሪያውን የሚያንፈቀፍቅ ማንሆል ያየ ሰው «መስመሩ ጠቧል» ይላል። ብዙውን ጊዜ መስመሩ አልጠበበም፤ የጣሪያ ውሃ ገብቶበታል።

አንድ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 5,000 ሊትር ይሰጣል። በቀን በነፍስ ወከፍ 80 ሊትር ውሃ የሚጠቀም አምስት ሰው ያለበት ቤት፣ ከዚያ 80 በመቶው ፍሳሽ ይሆናል ብንል፣ በቀን 320 ሊትር ያወጣል። የአንድ ሰዓት የጣሪያ ውሃ የዚያ ቤት የ15 ቀን ፍሳሽ ነው ማለት ነው። በትክክል የተቀበረ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሙሉውን ሲሞላ በሰከንድ 20 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ 15 ጣሪያ ብቻውን ይሞላዋል። ግቢያቸው ውሃ ሲቋጥር «ማንሆሉ አለ አይደል» ብለው የሚከፍቱትም እንዲሁ ናቸው። የጎርፍ መውረጃ በሌለበት ሰፈር የፍሳሽ መስመር ብቻ መዘርጋት ሰዉን ለዚህ መጋበዝ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን መታሰብ አለባቸው።

ማን እንዳገናኘ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጭስ በሚነፋ ማሽን ማንሆሉ ውስጥ ጉዳት የሌለው ጭስ ይለቀቃል፤ ከቦሮው አሸንዳ ላይ ጭስ የወጣበት ቤት ታወቀ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ማንሆል ከፍቶ የሚፈሰውን መለካትም ይበቃል። በዚያ ሰዓት በመስከረም ጥርት ያለ ውሃ በብዛት የሚወርድ ከሆነ የከርሰ ምድር ውሃ በመገጣጠሚያ እየገባ ነው።

ቱቦው ሲቀበር የሚታለፍ ፈተና

ቱቦ ከተቀበረ በኋላ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ከመቀበሩ በፊት መፈተን አለበት። ከሁለቱ ማንሆሎች አንዱ ላይ መብራት፣ ሌላው ላይ መስተዋት ይያዛል። ሙሉ ክብ ብርሃን ከታየ መስመሩ ቀጥ ብሏል፤ ግማሽ ጨረቃ ከታየ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ጎብጧል። ቀጥሎ የቱቦው ታች ይደፈንና ውሃ ይሞላል፤ ከቱቦው ጀርባ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይያዝና በ30 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደጎደለ ይለካል። በተለመደው መመዘኛ ለ50 ሜትር 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከ5 ሊትር በላይ መጉደል የለበትም። 5 ሊትር አንዲት ትንሽ ጀሪካን ናት። ከዚያ ካለፈ ያ መገጣጠሚያ በክረምት በተቃራኒው ያስገባል፤ ተከፍቶ ላስቲኩ ይታይ። ብዙውን ጊዜ ላስቲኩ ተጣሞ ወይም አሸዋ ገብቶበት ይገኛል።

ከዚያ አሞላሉ። ከቱቦው ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ በአካፋ ደቃቅ አፈር፣ ጎንና ጎኑ በእግር ወይም በእጅ መደቅደቂያ፤ ከዚያ በላይ በየ20 እና 30 ሳንቲ ሜትር እየተደለደለ። ባሕር ዳር ላይ ብዙ የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ ድንጋዩ ተነስቶ፣ ተቆጥሮ፣ ይመለሳል። አስፋልት ግን ተቆርጦ እንደ ነበረ አይመለስም። ነገር ግን ከሥሩ በደንብ ካልተደለደለ በመጀመሪያው ዝናብ ኮብልስቶኑ ቦይ ሠርቶ ይሰምጣል፤ ነዋሪው «መንገዳችንን አበላሹት» ሲል ልክ ነው።

የቱቦው ዓይነትም ምክንያት አለው። ፍሳሽ አየር አጥቶ ሲዘገይ፣ በተለይም በፓምፕ ተገፍቶ ረጅም መስመር ሲያልፍ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ የቱቦው ጣሪያ ላይ ባለው እርጥበት ሲያርፍ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። ኮንክሪት ቱቦ ስለዚህ የሚበላው ከወለሉ ሳይሆን ከጣሪያው ነው። የተገፋው ፍሳሽ የሚፈስበት ማንሆል ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከፍቶ ግድግዳው በብረት ዘንግ ቢነካ እንደ እርጥብ ጠመኔ ይፋቃል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፕላስቲክ ቱቦና ውስጡ የተለበጠ ማንሆል ይመረጣል። ያው ጋዝ ሰውም ይገድላል። ሲበዛ ማሽተቻውን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ጋዝ መለኪያ፣ ከላይ የሚጠብቅ ሰውና ከሰውነት መታጠቂያ ጋር የታሰረ ገመድ ሳይኖር ማንም ማንሆል ውስጥ መውረድ የለበትም፤ የወደቀን ሰው ለማንሳት ተከትሎ መግባት ሁለተኛ አስከሬን ነው።

ለሐይቅ ዳር ሰፈሮች የሚስማማ ሌላ መንገድም አለ፤ በኛ ግምት የሚገባውን ያህል አይወራለትም። ግቢዎቹ ቀድሞውኑ ሴፕቲክ ታንክ ካላቸው ታንኩ ይቀመጥ፤ ደረቁ እዚያ ይቅር፤ ውሃው ብቻ በቀጭን ቱቦ ይውጣ። ደረቅ ስለሌለው ቁልቁለቱ በጣም ያነሰ፣ ቁፋሮውም ከ1 ሜትር ብዙ ያልዘለለ ሊሆን ይችላል፤ ድንጋይ ሰባሪውም ውሃ መቅጃውም ይቀራል። ዕዳው ታንኮቹ በየጥቂት ዓመቱ በፕሮግራም መመጠጥ ያለባቸው መሆኑ ነው። ለባለቤቱ ከተተወ አይመጠጥም፣ ደረቁ ወደ ቀጭኑ ቱቦ ይገባል፣ መስመሩ ይሞታል።

ማጣሪያው

ለስሌት ያህል 200,000 ሰው ከመስመር ጋር ተገናኝቷል እንበል። በነፍስ ወከፍ 64 ሊትር ፍሳሽ ሲታሰብ በቀን 12,800 ሜትር ኩብ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰው በቀን 45 ግራም ያህል ኦክስጅን የሚበላ ብስባሽ ያወጣል፤ ድምሩ 9,000 ኪሎ፣ በሊትር 700 ሚሊ ግራም። ይህ ወፍራም ፍሳሽ ነው፤ ውሃ እንደ ልብ በሚፈስባቸው አገሮች ከዚህ ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውሃ ሲያጥር ፍሳሹ ይወፍራል። ለቀጭን ፍሳሽ የተሠራ ንድፍ እዚህ አይበቃም።

ርካሹ መንገድ ገንዳ ነው። መጀመሪያ 4 ሜትር የሚጠልቅ አየር አልባ ገንዳ፣ ቀጥሎ 1.5 ሜትር ያህል የሚጠልቅና ፀሐይና አልጌ የሚሠሩበት ሰፊ ገንዳ፣ በመጨረሻ ጀርም የሚሞትባቸው ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች። በ20 ዲግሪ ሙቀት የመጀመሪያው 30,000 ሜትር ኩብ ሆኖ የብስባሹን 60 በመቶ ያነሳል። ሁለተኛው 14 ሄክታር ይፈልጋል። የመጨረሻዎቹና ግድቦቹ ሲጨመሩ ከ30 ሄክታር ያልፋል፤ ከ40 የኳስ ሜዳ በላይ። መብራት አይፈልግም፤ መሬት ይፈልጋል። የተሰነጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ደግሞ ወለሉ በሸክላ ወይም በፕላስቲክ ንጣፍ ካልተደፈነ ፍሳሹ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል።

በሌላው ጫፍ አየር እየተነፋበት በትንሽ ቦታ የሚሠራ ማጣሪያ አለ። በሜትር ኩብ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ በቀን 6,400 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መብራት ለግማሽ ቀን ሲጠፋ ባክቴሪያው ይታፈናል፤ ለማገገም ቀናት ይወስዳል። የመሐከሉ መንገድ የአዲስ አበባው ቃሊቲ የያዘው ነው፤ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው ያ ጣቢያ መጀመሪያ አየር አልባ ገንዳ ውስጥ ፍሳሹን ከታች ወደ ላይ ያሳልፋል፣ ቀጥሎ ባክቴሪያ የሚለጠፍበት መሙያ ባለው ማጣሪያ ላይ ያንጠባጥባል። ከሦስቱ ለባሕር ዳር ዓይነቱ ከተማ መብራት ሲጠፋ የማይቆመው ምርጫ ሊመዘን ይገባል፤ መሬቱ ዛሬ ካልታጠረ ግን በ10 ዓመት ውስጥ ቤት ይበቅልበታል፣ ምርጫውም ያልቃል።

የተጣራው የት ይፍሰስ? ብስባሹን ማጥፋት ናይትሮጅንና ፎስፎረሱን ማጥፋት አይደለም፤ ከተለመዱት ማጣሪያዎች የሚወጣ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ አብዛኛው ፎስፎረስ አለ። እሱ የእምቦጭ ቀለብ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙሉውን ዕዳ ባሕር ዳር ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻ ላይ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያም አለ። ያም ሆኖ ከተማዋ አንድ ጥሩ ዕድል አላት፤ የተቀመጠችው ሐይቁ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ስለሆነ የማጣሪያ መውጫዋን ከጨረጨራ በታች ወደ ዓባይ ማዞር ትችላለች። ከታች በጢስ ዓባይ አቅጣጫ ውሃውን የሚጠቀም ሰውና ከብት ስላለ ጀርሙን መግደል ግዴታ ነው፤ ላልበሰለ አትክልት መስኖ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የቆየ መለኪያ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 የማይበልጥ የአንጀት ባክቴሪያ፣ በሊትር ከ1 የማይበልጥ የትል እንቁላል ነው።

መስመር የማይደርሳቸው ቤቶች ለብዙ ዓመት ይኖራሉ። የመምጠጫ መኪናው ዝቃጭ ከመስመር ፍሳሽ ብዙ እጥፍ ስለሚወፍር በቀጥታ ማጣሪያው ውስጥ ሲገለበጥ ጣቢያውን ያሳምመዋል። ለብቻው ማድረቂያ አልጋ ይፈልጋል። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ፣ በላዩ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቃጭ። በቀን 10 መኪና፣ እያንዳንዱ 8 ሜትር ኩብ፣ ለመድረቅ 3 ሳምንት ቢፈጅ 6,700 ካሬ ሜትር አልጋ ያስፈልጋል። ይህ የበጋ ቁጥር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣሪያ የሌለው አልጋ አይደርቅም፤ ሾፌሩ ተመለስ ከተባለ ደግሞ የሚደፋው ጨለማ ሲሆን ቦይ ውስጥ ነው።

ከየት ይጀመር

ከታች። መጀመሪያ ማጣሪያው ወይም ቢያንስ አንድ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ዋናው ሰብሳቢ መስመር፣ ከዚያ ቅርንጫፍ፣ በመጨረሻ ቤት። ከላይ ተጀምሮ ታች ያልደረሰ መስመር የአንዱን ሰፈር ሽታ ወደ ሌላው ሰፈር የሚያዛውር ነው። ማጣሪያውም ባንዴ ሙሉውን ሳይሆን በክፍል በክፍል ይሠራ፤ ለ200,000 ሰው የተሠራ ገንዳ 15,000 ሰው ብቻ ሲገናኝ ባክቴሪያውን የሚያቆይ ምግብ አያገኝም። ለዚህም ሲባል መጀመሪያ የሚገናኙት ብዙ ፍሳሽ የሚሰጡት ናቸው፦ ኮንዶሚኒየም፣ ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢ።

ሆቴልና ዓሣ ጥብስ ቤት ሲገናኝ የቅባት መያዣ ሳጥን ይኑረው። ትኩስ ሆኖ የሚወርድ ዘይትና ቅቤ ቱቦ ውስጥ ሲበርድ እንደ ሻማ ይጋገራል። ሳጥኑ ባለ ሁለት ክፍል ሆኖ ቅባቱና ዝቃጩ ሲደመር የጥልቀቱን ሩብ ሲደርስ ይጸዳል፤ ካልጸዳ ከሌለ አይሻልም። ከመኖሪያ ቤት በኩል ቱቦ የሚዘጋው የቡና አተላ፣ አመድ፣ የሕፃን ዳይፐርና ፌስታል ነው። መዘጋቱ ሲመጣ ላይኛው ማንሆል ሞልቶ ታችኛው ደረቅ ከሆነ ዕንቅፋቱ መሐከላቸው ነው። በግፊት የሚረጨው ቱቦ ከደረቁ ከታችኛው ማንሆል ወደ ላይ ይገባል፤ የወጣው ጨርቅ እዚያው በሹካ ካልተለቀመ 200 ሜትር ታች ሄዶ ይዘጋል።

ለአንድ ግቢ የሚያስፈልገው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ10 ሜትር ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየወረደ፣ አጥሩ አጠገብ መፈተሻ ሳጥን ኖሮት ነው። የቤቱ ወለል ከመንገዱ ማንሆል ክዳን ዝቅ የሚል ከሆነ የማይመልስ ቫልቭ የግድ ነው፤ መስመሩ ሲሞላ መጀመሪያ የሚወጣው ዝቅተኛው ሻወር ላይ ነው። የድሮው ጉድጓድ በበጋ ይመጠጥ፣ ኖራ ይርከፍከፍበት፣ ወለሉ በድጅኖ ይበሳ፣ ከዚያ በአሸዋና በጠጠር እስከ አፉ ይሞላ። ከላይ ሲሚንቶ ብቻ ደፍኖ ባዶውን የተወ ሰው በክረምት መኪናውን እላዩ ላይ ባያቆም ይሻለዋል።